ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ሰኞ 3

ባልዲዬ ጠፋ። ሰው ወርቅ ይጠፋበታል፣ እኔ ባልዲ ጠፋብኝ፤ ሐዘኑ ግን አንድ ነው። ሰማያዊው፣ እጀታው በሽቦ የታሰረው፣ ብሩሾቼን የማጥብበት ባልዲ። የፀጉር ቤቱን ሰሌዳ ልጨርስ ብዬ ጠዋት ስነሣ በቦታው የለም። ብሩሾቼ ወለሉ ላይ ሰክረው እንዳደሩ ሰዎች ተጋድመዋል።

ሌባዋን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ የእህቴ ልጅ ናት። አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቁማ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ቦይ ዳር ቀርከሃና የጥላ ዛፍ ታስተክላለች። እኔ «የሣር ሚኒስትር» እላታለሁ። ስደርስ በባልዲዬ ችግኝ ታጠጣለች።

«ክብርት ሚኒስትር፣ የግል ንብረት ያለ አግባብ ተወርሷል» አልኳት።

«ለሕዝብ ጥቅም ነው ጋሼ» አለች ቀና እንኳ ሳትል። «ደግሞ ውስጡ የደረቀው ቀለም ችግኞቼን ሊጨርስብኝ ነበር። ሁለቴ ነው ያጠብኩት።»

ያለ ካሳ ተወረስኩ። ለታሪክ ይቀመጥ።

እህቴ እታለም ዛሬም ታስላለች። «እኔን ለማናደድ ነው አይደል የምትስይው?» ብላት «ታዲያ ተናደድክ?» አለችኝ። ተናደድኩ አልኳት። ደስ አላት።

ረቡዕ 5

ሰፈራችን አንድ ስም አለው እንጂ ሁለት ነው። ላይኛው ዳገቱ ላይ ነው፤ አስፋልት አለው፣ ጥላ አለው፣ በየበሩ ክዳን ያለው የቆሻሻ በርሜል አለው። ታችኛው እኛ ነን። የላይኞቹን በርሜል የቆሻሻ መኪናው ሹፌር ይሰበስብና ማዘጋጃ ቤቱ ወዳዘጋጀው ቦታ መውሰድ ሲገባው፣ መንገዱ ሲረዝምበት እኛ ቦይ ዳር ይገለብጠዋል። ክምሩ ከፍ ሲልበት ክብሪት ይጭርበታል። ፕላስቲኩም ጎማውም ሁሉም አብሮ ይጨሳል። ነፋስ ሲነሣ ጭሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት የእታለም ነው።

ዛሬ የሣር ሚኒስትሯ አንድ አሮጌ የቁም ሣጥን በር ተሸክማ መጣች። የእናቷ ነው፤ መስተዋቱ ተሰብሮ ወድቆ የቆየ።

«ሰሌዳ ጻፍልኝ» አለች። «‹በዚህ ቦታ ቆሻሻ መጣልም ሆነ ማቃጠል በጥብቅ የተከለከለ ነው› በል።»

«ይሄ የፖሊስ ቋንቋ ነው። አንብቦ እጁን ወደ ላይ የማያነሣ ሰው የለም።»

«ጋሼ፣ እባክህ። ቀልድ አትጨምርበት።»

«እኔ? መቼ ነው እኔ ቀልድ የጨመርኩት?»

በሩን ግድግዳዬ ላይ አስደገፈችው። የሥጋ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሚስቅ በሬ የሣልኩ ጊዜ አብራኝ ነበረች።

እሑድ 9

ጨረስኩ። ለማንም አልናገርም እንጂ ኮርቻለሁ። ከላይ ወፍ ሣልኩ፤ አረንጓዴ፣ ጅራተ ረጅም፣ ዓይኗ ትንሽ ተንኮል ያለበት። ከሥሯ በትልቁ፦

እዚህ አትጣሉ

«ቆሻሻ» የምትለዋ ቃል ቀረች። ሰሌዳው ጠባብ ነው። ደግሞስ እንዲህ ካለች ወፍ ሥር ቆሻሻ ተብሎ ይጻፋል?

እርግጥ «ጣ» ላልታ ከተነበበች ቃሉ አትወርውሩ ማለት ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች ደግሞ አትጨቃጨቁ፣ አትኳረፉ ማለት ነው። አላሰብኩትም አልልም። ትንሽ አሰብኩት። ስጽፈው ብሩሹ ሲስቅ ተሰምቶኛል።

ማጥበቅና ማላላትን ያስተማረችኝ እታለም ናት። ልጆች ሆነን እሷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እኔ የአባታችንን ሱቅ እጠብቃለሁ። ከሰዓት ስትመለስ የሱቁ ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል ትጽፍልኛለች። አንድ ቀን «አለ» ብላ ጻፈችና «አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። «ተሳስተሃል» አለችኝ። ሌላ ዓይነት አነበብኩት። «አሁንም ተሳስተሃል» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ «ለ» ራስ ላይ በከሰል አንዲት ነጥብ አደረገች። «ነጥብ ካለ አጥብቀው፤ ሰውዬው አለ፣ እዚሁ ነው። ነጥብ ከሌለ አላላው፤ ሰውዬው የሆነ ነገር ብሎ ሄዷል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ያቺን ነጥብ ግን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ማክሰኞ 11

ሰሌዳው ተተከለ፤ ሰፈሩም በሳቅ ሞተ። አናጢውና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ሲጯጯሁ ሚስቲቱ እጁን ይዛ እየጎተተች አመጣችው። «ና እዚህ ቁምና ስደበኝ! እስቲ እዚህ ስደበኝ!» ልብስ ሰፊው ደግሞ ሱቄ ድረስ መጥቶ «እዚያ ከተከለከለ፣ የት እንደሚፈቀድ ቦታውን ጠቁመን» አለኝ።

የእህቴ ልጅ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ልትቆጣ ነው ስል ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ አንተ መቼ ነው የምታድገው?» አለች። ከዚያ ሳቋን ሰበሰበችና፦

«‹ቆሻሻ› የምትለዋን ግን ጨምርባት። እሑድ ከሚደረገው የሰፈሩ ስብሰባ በፊት። እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

እታለምን ደግፌ መስኮቷ ጋ አቆምኳት። አነበበችና በመጀመሪያ ፊቷን ቋጠረች፣ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ከሰሌን አባከንኩት» አለችኝ። ስትስቅ ሳሏ ተነሣባት። ብዙ ቆየ። መጨረሻ ላይ መሐረቧን በፍጥነት አጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችው። ምን እንደነበረበት አላየሁም።

ቢሆንም ሳቀች። እንዲህ ካሳቅኳት ቆይቷል።

ቅዳሜ 15

የክበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በፊት ነጫጭ የጨርቅ ቁራጮች በሁለቱም ሰፈር የልብስ ማስጫ ገመዶች ላይ ሰቅለው ነበር። ዛሬ አወረዷቸው። የላይኛው እንደተሰቀለ ወረደ። የታችኛው የጋራዥ ጨርቅ መስሏል። ነገ የሁለቱ ሰፈር የጋራ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ መኪናው መንገዱን እንዲቀይር ድምፅ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ የምትናገረውን ስትለማመድ ከሱቄ በር ሰማኋት። ድምፅዋ የእናቷን ይመስላል፣ ያን ድሮ የነበረውን።

«ቃሏን ጨመርክ?» አለችኝ ስታልፍ።

«ነገ ጠዋት።»

የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ለሰሌዳው ቸኩሏል።

እሑድ 16

ጠዋት አልጨመርኩም። ሰሌዳው ጠባብ ነው፣ የት ጋ አስገባታለሁ?

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል፤ ላይኞቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። የእህቴ ልጅ ተነሥታ ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን ዘረጋች። ጥቁሩ የእናቷ ገመድ ላይ የነበረው ነው፤ ይህን ግን አልተናገረችም። «ይህንን የሚተነፍስ ሰው አለ» ብላ ብቻ ቆመች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ እንኳ ጥርሱን መጎርጎር ተወ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ያመጣ ሰው ያሸንፋል ብዬ አሰብኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ቆሞ እያለ፣ አንተ ለምን ትገለብጣለህ?»

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ። ‹እዚህ አትጣሉ› ነው የሚለው። እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም።»

አንድ ሰው ከት አለ። ሹፌሩ ሳቁን ሲሰማ ጨመረበት፦ «ከቆሻሻውም ጋር ቢሆን በሰላም ነው የምንለያየው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ላይኞቹም ታችኞቹም ባንድ ላይ፤ በሕይወቴ ሁለቱ ሰፈሮች ባንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «እንግዲህ ልባችን በተደሰተበት ሰዓት ብንለያይ ይሻላል። ጉዳዩ ይጠናና በሚቀጥለው ወር እንየው» አለ። እጅ ወጣ። አለቀ።

የእህቴ ልጅ ጨርቆቹን አጠፈች። ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ።

ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። እሷ ዞር ብላ አይታዋለች።

ሰኞ 17

ሱቄ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንድ ቃል ነበር ጋሼ። አንድ። ቆሻሻ!»

«እንዲህ ፊት ለፊት ይሰደባል?» አልኳት።

አልሳቀችም። እየጠበቅሁ ነበር፣ አልሳቀችም። «እናቴ የምትጠብቀው ወር የላትም» አለችና ወጣች።

ሰሌዳው ጠባብ ነበር ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ነበር።

ቅዳሜ 22

ነፋስ። ከሌሊት ጀምሮ ጭስ። እታለምን በታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ። ኦክስጅን። ነርሷ፦ «ጭስ የሌለበት ቦታ ትቆይ።» የት? «የትም፣ ጭስ የሌለበት።» የእህቴ ልጅ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደገፍን። በእታለም በኩል እንጂ በቀጥታ አላናገረችኝም።

ሰኞ 24

እታለምን ወደ እኔ ክፍል አመጣናት፤ ከቦዩ ራቅ ይላል። ቀለሙን፣ ቤንዚኑን፣ ቫርኒሹን ሁሉ ወደ ጓሮ አወጣሁት፤ ሽታው ለእሷ ከጭሱ አይሻልም። የፀጉር ቤቱ ሰሌዳ ሳይደርቅ አቧራ በላው። ሰውዬው መጥቶ አየውና «እሷ ትዳን» ብሎ ሄደ። እሱም በልጅነቱ ከእታለም ፊደል ከቆጠሩት የሰፈር ልጆች አንዱ ነው።

አልጋዬን ሰጠኋት፣ እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። «ወለሉ ላይ ትንሽ ልጅ ትመስላለህ» አለችኝ። ነኝ አልኳት።

ረቡዕ 26

ሹፌሩ ቤት ሄድኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት፣ አልዋሽም። መኪናውን እያጠበ አገኘሁት።

«ያ ቦዩ ዳር ያለው ቤት የእህቴ ነው» አልኩት። «ሳምባዋ አልቋል።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «የዚያች አስተማሪ እናት ናቸው?»

«እናቷ ናት።»

«አልተናገረችም እኮ!» አለ። «ስብሰባው ላይ አልተናገረችም። ብትናገር እኔ እንደዚያ… ጋሼ፣ እኔ ሰው ላስቅ ብዬ ነው። ሲስቁልኝ ደስ አለኝ። እርስዎም ስቀው ነበር።»

አብረን ወደ ክምሩ ወረድን።

እሳት አልለኩስም ብሎ ማለልኝ። አምነዋለሁ። ግን ክምሩ ከሥሩ ተያይዟል፤ ከላይ ዐመድ፣ ከውስጥ ፍም። እኔና እሱ በሰማያዊው ባልዲ ከቦዩ እየቀዳን እስኪመሽ አፈሰስንበት። ውኃው ይገባል፣ ጭሱ በሌላ በኩል ይወጣል። እጁ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ተጣብቆበት ሄደ።

ዓርብ 28

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለላት። ትራሱን ከፍ አደረግሁላት።

«ከልጄ ጋር ተጣላችሁ?» አለችኝ።

«ኧረ አልተጣላንም። ሥራ በዝቶባት ነው።»

«ያ ሰሌዳህ ምን ነበር የሚለው?»

«ታውቂው የለም?»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። አላልቼ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ። ራሷን ነቀነቀች።

«አጥብቀህ።»

አጥብቄ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። በሩ አጠገብ ኮቴ ሰማሁ። የእህቴ ልጅ የፈላ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላውቅም። ውኃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።

እሑድ 30

ውኃ አልዋጥ አላት። እጇ ይቀዘቅዛል።

ሰኞ 1

ጎህ ሲቀድ ዐረፈች።

ከዛሬ ጀምሮ እታለም «አለች» ብዬ ስጽፍ ነጥብ የለውም።

ማክሰኞ 2

ተቀበረች። ብዙ ሰው መጣ፤ ከላይኛው ሰፈርም መጡ። ሊቀመንበሩ እጄን ይዞ የሆነ ነገር አለኝ፣ አልሰማሁትም። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ግን ሰማሁ።

«የትኛው ነው ወንድሟ?»

«ያ ቀልደኛው። ሰሌዳውን የጻፈው።»

ሱቅ ስከፍት ስሜን በትልቁ ጽፌ በር ላይ ሰቅዬ ነበር። ሰው የሚያውቀኝ በዚያ መስሎኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ሲያልቅ አቧራውን ከቀሚሷ አራገፈችና ከጓደኞቿ ጋር ሄደች። ወደ እኔ ዞር አላለችም። ትክክል ናት።

እሑድ 7

አልጋዬ ላይ መተኛት አልቻልኩም። አሁንም ወለሉ ላይ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ችግኞቹን የሚያጠጣ የለም። ባልዲውን ቦዩ ዳር እንደተውነው አገኘሁትና አጠጣሁ። ቀርከሃዎቹ ይዘዋል። ከጥላ ዛፎቹ አንዷ ጫፏ ደርቋል፣ ጥፍሬን ሳሳርፍባት ግን ከሥሩ አረንጓዴ ነው። እነዚህ ሲያድጉ ጭሱን ይከለክላሉ ትል ነበር የእህቴ ልጅ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቄያት አላውቅም። «ሚኒስትሮች ሁልጊዜ የሚሉት ነው» ብዬ አሳቅኳት ብቻ።

ሰሌዳው አሁንም ቆሟል። ወፏ ታየኛለች።

ሐሙስ 11

ሰሌዳው ጠባብ አልነበረም። ወፏን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ብገፋት ቃሏ ትገባ ነበር። ስሥላትም አውቀው ነበር።

እሑድ 14

የተራዘመው ስብሰባ ዛሬ ነበር። አልገባሁም። ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። የእህቴ ልጅ ጨርቅ አልዘረጋችም። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሹፌሩ ሳይጠየቅ ተነሣና «ከነገ ጀምሮ ወደ ሩቁ ቦታ ነው የምወስደው፣ ወሰናችሁም አልወሰናችሁም» አለ። እጅ ወጣ። ተወሰነ። ላይኛው ሰፈር በየተራ ሰው እየላከ ክምሩን ከእኛ ጋር ሊያነሣ ተስማማ።

ማንም አልሳቀም። በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው።

ሰው ሲወጣ ከግድግዳው ጀርባ ዞርኩ። ብታየኝ ምን እላታለሁ? ቀልድ ካልሆነ ቃል አላውቅም።

ሐሙስ 18

ሰሌዳውን ላስተካክል ወሰንኩ። ወፏን ላጠፋ፣ የጠየቀችኝን በሙሉ በጠየቀችኝ ቃል ልጽፍ፤ በጥብቅ የሚለውን ጭምር። ቀለም በጠበጥኩ፣ ወረድኩ።

ሰሌዳው የለም። ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች ብቻ ቀርተዋል፣ ምስማሮቹ በጥንቃቄ ተነቅለው። ደረቅ የቁም ሣጥን እንጨት ነው፣ አንድ ሰው ለማገዶ ወስዶት ይሆናል። አናጢውን ጠየቅሁ፣ አላየሁም አለኝ። ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁ። በፊት ቢሆን ይቀልድብኝ ነበር፤ አሁን «አይዞህ» አለኝ። አይዞህ መባል እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

የበጠበጥኩትን ቀለም ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ 20

ዝናብ ጀመረ። የመጀመሪያው ነው። ችግኞቹ ዛሬ እኔን አይፈልጉም፤ ስለዚህ እቤት ነኝ። ባልዲውን ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ አኖርኩት። ስንት ሥራ ሠራ ይህ ባልዲ። ጠፋ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን ትዝ አለኝና ልስቅ አልኩ፤ ለብቻ ግን አይሳቅም።

ቦዩ ዳር ጭስ የለም። ዛሬ መስኮቷ ቢከፈት ንጹሕ አየር ይገባ ነበር።

በር ይንኳኳል። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ መሆን አለበት፤ ሌላ ወደዚህ የሚመጣ የለም። በዚህ ዝናብ ስለ ሰሌዳ ሊጨቀጭቀኝ ከሆነ…

በመስኮቱ አየሁ። ሰው አይደለም የሚታየው፣ ቁም ሣጥን ነው። የቁም ሣጥን በር፣ ከሥሩ ሁለት እርጥብ ጫማ፣ ከዳርና ከዳር የያዙት ጣቶች። ፊቷ ከጀርባው ነው። ወፏ በዝናብ ታጥባ አብርታለች፣ ከሥሯ ጽሑፌ እንዳለ ነው፤ ቃል አልተጨመረበትም፣ ቃል አልጠፋበትም። «ጣ» ራስ ላይ ብቻ፣ ዝናቡ እንዳይወስዳት አንድ አውራ ጣት የተጋረደላት፣ በጠመኔ የተደረገች ነጥብ አለች።

ልክፈት።